ለጥቂት ጊዜ እበድልኝ

ልጄ ኢፍቱ ኑሮዋ ጩኸት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከጎረምሶች ጋር ሆና ሄቪ ሜታል የሚሉትን ሙዚቃ ትጫወታለች። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፣ ድራሙ ደረት ይመታል፣ እሷ ደግሞ ማይኩን አንቃ ይዛ ትጮሃለች። እኔ እናቷ ስለሆንኩ ብቻ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ «ደህና ነኝ» ስለሚለው ዘፈናቸው ጠየቃት፤ ስለ አእምሮ ሕመም ነው ወይ አላት። «አዎ፣ የአጎቴ ዘፈን ነው። አሮጌ ካሴት ላይ ነው ያገኘነው። ከጀርባው ምን እንዳለ ግን እናቴ አትነግረኝም» ብላው አረፈች። እንግዲህ በአገር ሁሉ ፊት ተከሰስኩ ማለት ነው።

ይሁን፣ እነግራታለሁ። የምነግራት ግን በልጅነቴ እንዳየሁት ነው፤ በልጅነቴ ደግሞ ያየሁትን ሁሉ የተረዳሁት በተቃራኒው ነበር።

ዓመቱ 1976 ነው፣ ናዝሬት። ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ የሚንጣጣ። እናቴ ተሻለች ከመቂ የሚመጣ ሽንኩርት ትነግዳለች። ከጆንያ ታራግፈዋለች፣ ጓሮ ታሰጣዋለች፣ የበሰበሰውን እየለቀመች ትጥላለች። ስለዚህ በእኛ ቤት የሁሉም ዓይን ሁልጊዜ ቀይ ነው። ማን እንዳለቀሰና ማንን ሽንኩርት እንዳቃጠለው ፊት አይቶ መለየት አይቻልም ነበር።

አባታችን ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ የሞተው እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። ታላቁ ወንድሜ ኃይለየሱስ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሄደና እዚያው ቀረ። ሬሳውም ልብሱም አልመጣም፤ ወሬ እንኳ አልመጣም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ወታደር የጫነ መኪና ሲያልፍ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። የቀረናት እኔ ትንሿ በላይነሽና ንዋይ ነን። ንዋይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቁጭ ያለ፣ ለግላጋ፣ ጣቶቹ ዕረፍት የማያውቁ ወጣት ነበር።

የቀበሌው ኪነት ጊታር መቺ እሱ ነበር። በየበዓሉ ስለ እናት አገር ይመታል፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ድራም መቺው ጓደኛው ጂብሪል ወንጂ ከፈረንጆቹ ሰፈር አንድ ካሴት አምጥቶለት ነበር፤ ጊታሩ የሚያጓራ፣ ዘፋኙ ያልቅስ ይሳደብ የማይታወቅ። እናቴ አንድ ቀን ሰምታ «ይሄስ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው? የሚያስታምመው ዘመድ የለውም?» አለች። ንዋይ ያን ካሴት እስኪሳሳ አዳመጠው። የቀበሌው አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ተቀዶ መንጫረር ሲጀምር ሁሉም ይጠገን አሉ፤ እሱ ብቻ ማንም እንዳይነካው አለ። «ውስጤ ያለው ልክ እንደዚህ ነው የሚጮኸው» አለኝ ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ። እኔ ሙዚቀኛ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ሬዲዮ ያለው መስሎኝ ቀናሁበት።

ያን ሰሞን መተኛት ትቶ ነበር። ምግቡን ያሸትና መልሶ ያስቀምጠዋል። ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቆሞ አገኘዋለሁ። «ስሜን ማነው የጠራው?» ይለኛል። «ማንም» እለዋለሁ። «ጎበዝ፣ ማንም ነው» ብሎ ፀጉሬን ያሻሸኛል። ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ነርስ ሆኜ ዕድሜዬን ከፈጀሁ በኋላ እንደዚያ ያለ ልጅ በበር ሲገባ ገና ከአረማመዱ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ለማንም አልተናገረም።

የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ የመጣው በዚሁ መሃል ነው። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ወጣቱን ሁሉ እየጠራ መመዝገብ ጀመረ። እናቴ ያን ቀን ገበያ አልወጣችም። ጓሮ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትለቅም ዋለችና ቀና ሳትል ጠራችው።

«ንዋይ።»

«አቤት እማዬ።»

«ያ ገበያ ውስጥ ድንጋይ ተሸክሞ የሚዞረው እብድ አለ አይደል? እሱን አልመዘገቡትም አሉ። ጤነኛ ነው የሚፈልጉት።»

«እና?»

«ለጥቂት ጊዜ እበድልኝ።»

ንዋይ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እናቴም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሳቀች። እኛ ካቆምን በኋላ ግን እሱ ገና ይስቅ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ «እሺ እማዬ፣ አብድልሻለሁ» አላት። ፊቱ ላይ ትልቅ ዕረፍት አየሁ፤ ከባድ ጆንያ ከጀርባው ያወረዱለት ነው የሚመስለው። ከእናቴ ሐሳብ ማማር የተነሳ ነው ብዬ ነበር። ለወራት ጥርሱን ነክሶ ሲደብቀው የከረመውን ነገር በአደባባይ እንዲያወጣው እንደተፈቀደለት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰፈሩ ቲያትር አገኘ። ንዋይ በዚያ በናዝሬት ሙቀት ካፖርት ለብሶ ሐዲዱ ላይ ይቀመጣል። ከጋሪ ፈረስ ጋር ቆሞ ይከራከራል። የመብራት እንጨት አቅፎ በጆሮው ያዳምጣል። እናቴ ውጭ ስትሆን «ወይኔ ልጄን! ማን በላብኝ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ቤት ገብታ በሩን ከቀረቀረች በኋላ ግን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ በሳቅ ትፈርሳለች። «ገደለኝ ይሄ ልጅ! ፈረሱን እኮ አፍ አስያዘው!» ትላለች።

የእኔ ድርሻ ማልቀስ ነበር። ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ እናቴ ሽንኩርት ሰንጥቃ ከዓይኔ ሥር ታሻሽልኛለች፤ እኔም «ወንድም ጋሼ! ወንድም ጋሼ!» እያልኩ እወጣለሁ። አንዳንዴ ለቅሶው እውነተኛ እየሆነብኝ ማቆም ያቅተኛል፤ እናቴ ያኔ «በቃሽ አንቺ ደግሞ፣ ልብ አታድርቂ» ብላ ትቆነጥጠኛለች። ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለሦስታችን ብቻ የሆነ ምስጢር ነበረን፤ ወንድሜ ደግሞ ከሁላችን የበለጠ ተዋናይ ወጣው።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አዴ ሻሼ መጣች። ወተት የምትሸጥ የአዳሚ ቱሉ ሰው ናት፣ ከእናቴ ጋር ክፉ ደግ አብረው ያዩ። ጓሮ ኩርምት ብሎ የተቀመጠውን ንዋይን ቆማ ብዙ አየችውና የእናቴን ክንድ ያዘች።

«ያ ተሻለች፣ ማሎ፣ እባክሽ ስሚኝ። የአክስቴ ልጅ ልክ እንዲህ ነበር የጀመረው። አዲስ አበባ አማኑኤል ውሰጂው፣ ሐኪም ይየው። መኪና ተሳፍረሽ ውለሽ ትመጫለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«እሺ ሻሼዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች እናቴ አንገቷን ደፍታ።

ሻሼ ስትወጣ እናቴ ወደ እኔ ዞራ ጠቀሰችኝ። «አየሽ? ሻሼ እንኳን አመነች!» ከዚያ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ሐኪም ቤት የሚባል ነገር እንዳይነሳ። ሐኪም አንዴ ካየው ጤነኛ መሆኑን ያውቅበታል። ከዚያ እስር ቤት ነው፤ ከእስር ቤት ወጥቶም ወደ ማሠልጠኛ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ንዋይን ሊረዳው የሚችል ቦታ አንድ ነበር፤ እናቴ ከጦር ሜዳ እኩል የፈራችው ያንኑ ቦታ ነው። ልጇ ጤነኛ ነው ብላ ስለምታምን ሐኪም እንዳያየው ስትል ሸሸገችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ውሃ ልጠጣ ወደ ጓሮ ስወጣ ንዋይን ከሽንኩርቱ ጆንያ ጀርባ አገኘሁት። ሁለት ጆሮውን ይዞ፣ የካፖርቱን እጅጌ ነክሶ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ዞር ብዬ አየሁ፤ የሚያየው ሰው የለም። ልምምድ ላይ ነው ብዬ አደነቅሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ ማንም የለም እኮ። ዕረፍ» አልኩት።

«ማቆም አቃተኝ፣ በላይዬ።»

«እኔም ሳቅ ሲይዘኝ ማቆም ያቅተኛል» አልኩት፣ እንዳይከፋው ብዬ።

ተነሥቶ ወደ እናቴ ሄደ። ወንፊቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከፊቷ በርከክ አለ።

«እማዬ፣ የምሬን ነው።»

«ምኑ?»

«የምሬን ነው ያመመኝ። ድምፁ አይተወኝም። አንቺ ሳትነግሪኝም ይጮህብኝ ነበር። ሻሼ ወዳለችሽ ቦታ ውሰጂኝ፣ በእመቤቴ።»

እናቴ ወንፊቷን አስቀመጠች። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው እንዳለ ተንጠራርታ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ፊደል እንደምታስቆጥር ሆና ተናገረችው።

«ቀስ በል። ይሄማ አያስኬድም። የእውነት እብድ አመመኝ አይልም፣ ንዋይዬ። ሊቀመንበሩ ጓድ ገርባ መጥቶ ሲጠይቅህ እንዲህ ብትለው ወዲያው ነው የሚነቃብህ። እብድ ሲጠይቁት ደህና ነኝ ነው የሚለው። እስቲ በለው።»

ንዋይ የካፖርቱን እጅጌ መልሶ ነከሰ።

«በል እንጂ ልጄ።»

«ደህና ነኝ» አለ።

«እንደሱ ነው! አንጀቴን አራስከው!» ብላ ግንባሩን ሳመችው። እኔ አጨበጨብኩ። ንዋይ በርከክ እንዳለ ቆየ፤ እሷን እያየ፣ ሌላ ነገር ትለኝ ይሆን ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው። እሷ ወንፊቷን አነሳች።

በዚያው ሳምንት ጂብሪል መጣ። የአዳራሹ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበርና ንዋይ ለመነው፤ አንዴ ብቻ ልምታ አለው። ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በሚተኛበት በምሳ ሰዓት ሄድን፤ የአዳራሹ ዘበኛ ግራር ሥር አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጂብሪል ቴፑን ወንበር ላይ አስቀምጦ መቅጃውን ተጫነ። ንዋይ ጊታሩን ከተቀደደው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘና መታ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ጂብሪል መጀመሪያ ግራ ገብቶት ቆየና ድራሙን እየከበደ፣ እየከበደ ተከተለው። ንዋይ ቃል አልነበረውም፤ ያለው ያ እናቴ ያስጠናችው ብቻ ነው። መጀመሪያ በሹክሹክታ «ደህና ነኝ» አለ። ደገመው። እየደጋገመው ሄዶ ሄዶ ጩኸት ሆነ፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸው። ከዚያ በአንዴ አቆመ።

ጂብሪል የድራሙን እንጨት ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው። ኋላ ላይ ምስጢሩን ለእሱም ነግረነው ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት የሚያስመስል ነው የመሰለው።

«ወንድሜ፣ እናትህ ታውቃለች?» አለው።

«ነግሬያታለሁ» አለ ንዋይ።

ስለ ዘፈኑ የሚያወሩ መስሎኝ «ኧረ አልነገራትም፣ ብትሰማ ትቆጣለች!» ብዬ ጥልቅ አልኩ። ጂብሪል ተነስቶ ቴፑን አጠፋው።

ኢፍቱ ያን ዘፈን መድረክ ላይ ስትጫወተው አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ። ወጣቱ እርስ በርሱ እየተጋፋ፣ እየዘለለ፣ «ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» እያለ አብሯት ይጮሃል። ግማሹ ይስቃል። አንዲት ልጅ ግን ከፊት ቆማ አትዘልም፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። አቅፌ ይዣት ልወጣ ፈለግሁ። ከኋላ እንደቆምኩ ቀረሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገርባ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች አስከትሎ ቤታችን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማው ውስጥ ማስመሰል የጀመረው ንዋይ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ሲያነክስ፣ አንዱ ደም ሲያስል ሰንብቷል። እናቴ ገና ከሩቅ ስታያቸው ሽንኩርቱን ዓይኔ ላይ አሻሸችው። ንዋይ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ገርባ ከፊቱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ንዋይ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታውቀኛለህ?»

«ደህና ነኝ።»

ገርባ ፈገግ አለ። «በዚህ ሰሞን ስንት እብድ እንዳየሁ ባወቁልኝ፣ እትዬ ተሻለች። ቀበሌው በሙሉ አብዷል» አላት። ሲጋራ ለኮሰ። አንዴ ሳበና የንዋይን እጅ እንደሚጨብጠው ሰው ያዘው፤ ከዚያ እሳቱን መዳፉ ጀርባ ላይ አሳረፈው።

ሽታው ቤቱን ሞላው። ንዋይ እጁን አልሳበም። ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ ዓይኑን አስከትሎ ያየው ነበር። እኔ ለቅሶዬን ረስቼ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ፤ እንዲህ ያለ ጀግና በሲኒማም አይቼ አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋለች፤ የዚያን ቀን ግን አትስቅም። ቀድሞ እጁን የሳበው ገርባ ነው። ሲጋራውን መሬት ጥሎ ረገጠውና ተነሳ።

«ይሄስ የእውነቱን ነው» አላቸው ለጥበቃዎቹ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና እናቴን ሳያያት «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ተሻለች። ልጁን ያሳክሙት» አላት።

እንደወጡ «አሸነፍን! አሸነፍን!» እያልኩ መዝለል ጀመርኩ። እናቴ የንዋይን እጅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባለች። «ቻልክልኝ፣ ጀግናዬ፣ ቻልክልኝ» ትለዋለች። መላልሳ ትለዋለች። ውሃውን ግን ከእጁ ይልቅ መሬት ላይ ነበር የምታፈሰው። እንደኔ እንደኔ እናቴ ነገሩን ያወቀችው የዚያን ዕለት ነው። አውቃም ለራሷ አልነገረችውም፤ ለምን ቢባል፣ ምልምሎቹን የሚጭኑት መኪኖች ገና አልሄዱማ።

መኪኖቹ የሄዱ ዕለት የጣቢያው አደባባይ በእናቶች ተሞላ። ጂብሪል ከተጫኑት አንዱ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ቤታችን መጥቶ ያን አዳራሹ ውስጥ የቀዳውን ካሴት በመሐረብ ጠቅልሎ በእጄ ሰጠኝ፤ «ሲሻለው ስጪው» አለኝ። ንዋይ እኮ ጤነኛ ነው ልለው ፈልጌ፣ ሰው ይሰማናል ብዬ ዋጥኩት። ጂብሪል በዚያው ቀረ።

የመኪኖቹ አቧራ እንደተኛ እናቴ ቤት ገብታ በሩን ቀረቀረች። ውሃ አሞቀች። የንዋይን ነጭ ሸሚዝ ከሳጥን አወጣች፣ ሳሙና አዘጋጀች። ፊቷ እንደ ዓመት በዓል ዋዜማ ነበር።

«በቃ፣ ንዋይዬ። ሄዱ። አለፈልን። በል አሁን ተወው» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «ደህና ነኝ።»

«ደህና መሆንህንማ አውቃለሁ። በሩ ዝግ ነው፣ እኛው ነን። ተወው፣ ገላህን ታጠብና ምሳህን ብላ።»

«ደህና ነኝ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጨዋታውን ማራዘሙ ነው ብዬ ነበር። እናቴ ዞራ አየችኝ፤ አፌን በእጄ ያዝኩ። ፊቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ነቀነቀችው። «ንዋይ! ተው እያልኩህ ነው! በሞተው ወንድምህ ተው!» አለችው። በጥፊ መታችው። ሌላም ደገመችው። እሱ አልተከላከለም፤ ጉንጩ ቀልቶ፣ ያስተማረችውን ልክ እንዳስተማረችው፣ ቀስ ብሎ፣ በትህትና «ደህና ነኝ» አላት። እናቴ እግሩ ሥር ተዘረጋች። ጩኸቷን ሰምታ አዴ ሻሼ በር ስታንኳኳ የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ አማኑኤል ወሰዱት። መድኃኒት ተሰጠው፤ አንዳንዴ መድኃኒቱ ይጠፋል፣ አንዳንዴ እሱ ይተፋዋል። ጠበልም ተወሰደ። ጊታር ግን እንደገና አልነካም። ጓሮ በተሠራችለት ክፍል ውስጥ ዓመታት ኖረና ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ በአንድ ክረምት ሳንባውን ታሞ ሞተ። ጦር ሜዳ አልወሰዱብኝም ብለሽ ተጽናኚ የሚሏት ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ ሽንኩርቷን መልቀም ትቀጥላለች።

እሷ ያመነችው አንድ ነገር ነው። «በአፌ ነው ያሳበድኩት» ትል ነበር። ለንስሐ አባቷ ተናገረች፣ በየገዳሙ ተንበረከከች፣ ሱባዔ ገባች። እበድልኝ ብዬ አዘዝኩት፣ እሱም ታዛዥ ልጅ ነበር፣ ታዘዘኝ፤ ይሄን ስትል ነው ያረጀችው። እኔ ነርስ ሆኜ፣ በሽታው እንዴት እንደሚጀምር ተምሬ፣ በዓይኔም ደጋግሜ አይቼ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚህ ሸክም ላሳርፋት ፈልጌ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም ያሳበድሽው» አልኳት። «በትእዛዝ የሚያብድ ሰው የለም። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ግድግዳ ማዳመጡ፣ ምግብ መጠራጠሩ፣ ያ ሁሉ ምልክት ነበር። እበድልኝ ሳትዪው በፊት ታሞ ነበር።»

«በፊት?» አለችኝ።

«በፊት፣ እማዬ። ብዙ ወር በፊት።»

እጄን ያዘች። ትተነፍስልኛለች፣ ታለቅስልኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እንግዲያውስ ያን ቀን በርከክ ብሎ ሲነግረኝ» አለች፣ «እውነቱን ነበራ።»

እጄን ለቀቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ስሙን አላነሳችም።